የሣር ማጨጃው ሒሳብ

በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍልና ከግዥ ኮሚቴ የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ አንድ ትንሽ ግዥ፣ ስለ ሣር ማጨጃ ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ገንዘቡ የእናንተ ነው። ደግሞም ልንሳሳት ስንል የመለሰችን አንዲት እህታችን ስለሆነች፣ በዝምታ ብናልፈው ደግ አይሆንም።

ግቢያችንን ታውቁታላችሁ። ከበሩ እስከ ሕፃናት ማቆያው ያለው ሣር ሲለካ 120 ካሬ ሜትር ነው። እስካሁን በማጭድ የምታጭደው አንዲት አባላችን ናት። ክረምት ሲገባ አንዱን ጥግ ስትጨርስ ሌላው ጥግ አድጎ ይጠብቃታል። አጎንብሳ ስለምትውል ወገቧን ያማታል። ማሽን እንግዛ ያልነውም ለዚህ ነው።

እንደ ደንቡ ሦስት ፕሮፎርማ ሰበሰብን፦ የቤንዚን፣ የኤሌክትሪክና በእጅ የሚገፋ። እውነቱን ለመናገር ልባችን የሄደው ወደ ቤንዚኑ ነበር። ትልቅ ነው፤ ለእንግዳ ሲያሳዩትም ያምራል። ቃለ ጉባኤውን ልንፈርም ስንል ግን ከመካከላችን አንዷ፣ "ለመሆኑ የምትሠራበትን ጠይቀናል?" አለች። አልጠየቅንም ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነው።

ጠራናትና ጠየቅናት። "ገመዱን ስቤ ሞተር ማስነሣት ይከብደኛል። ልጆቹስ በአጠገቡ ሲሯሯጡ?" አለችን። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ማሽኑ ሲመጣ እኔስ እቀራለሁ?" ብላ ጠየቀች። ይህን ጥያቄ በየትኛውም ፕሮፎርማ ላይ አላየነውም ነበር።

እንደገና ቁጭ ብለን አሰላን። የቤንዚኑ ማሽን በአንድ ጊዜ 46 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያጭዳል፤ የእጁ 40። 120 ካሬ ሜትሩን ለመጨረስ በእጁ 300 ሜትር፣ በቤንዚኑ 261 ሜትር ያህል መሄድ ነው። ትርፉ 39 ሜትር እርምጃ ብቻ ሆነ። ለዚህ ስንል ቤንዚን፣ ዘይት፣ ካንዴላና የአየር ማጣሪያ በየዓመቱ ልንከፍል ነበር። በዚያ ላይ እንዲህ ያለ ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ያጣል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ከአምስት አንድ እጁን ከፍለንበት አናገኘውም። ስለቱም ከሥር እንደ ማራገቢያ ስለሚሽከረከር ጠጠር ካገኘ አስፈንጥሮ ይወረውራል።

የኤሌክትሪኩ ቀላልና ድምፅ የማያበዛ ነው። ነገር ግን ሣራችን የሚያድገው በዝናብ ወቅት ነው፤ በእርጥብ ሣር ላይ ገመድ መጎተትን ፈራን። መብራት ሲጠፋም ሥራው ይቆማል።

የገዛነው በእጅ የሚገፋውን ነው። ጎማው ሲዞር ጥምዝ ስለቶቹ ከታች ካለው ቋሚ ስለት ጋር እየተገናኙ ሣሩን እንደ መቀስ ይቆርጡታል። የሽመና ክፍል እህቶቻችን ደስ ይበላችሁ፤ በ1830 እ.ኤ.አ. ኤድዊን በዲንግ የተባለ እንግሊዛዊ ይህን ማሽን የሠራው የሱፍ ጨርቅ ላይ ያለውን ጭገር የሚከረክም መሣሪያ አይቶ ነው።

እንከኑንም አንደብቅም። ረጅም ሣር ይተኛበታል እንጂ አይቆርጥም። ስለዚህ በክረምት በየሳምንቱ መታጨድ አለበት። ደንቡ ከቁመቱ ከሢሶ በላይ አለመቁረጥ ነው፤ 4 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ከፈለግን 6 ሳያልፍ መድረስ ነው። ስለቱም መሳልና መስተካከል ይፈልጋል፤ ለዚህ በበጀት ላይ ራሱን የቻለ መደብ ከፍተናል።

እህታችን ከጓሮ ያለውን ሣር ለበጎቿ ትወስድ ነበር። በየሳምንቱ የሚታጨደው አጭር ብጣሽ ለዚያ ስለማይሆን፣ የጓሮውን ሣር እንዲያድግ ትተነዋል። እሱን እንደ ድሮው በማጭድ ታጭዳለች። ለበዓል ቡናችን ጉዝጓዝም ከዚያው ይገኛል።

የፊቱ ሣር አሁን በግማሽ ሰዓት ያልቃል። የተረፈው ጊዜዋ ወደ ጎመን መደቦቻችን ዞሯል። ደመወዟ አንድ ሳንቲም እንዳይቀነስ በቃለ ጉባኤ ተይዟል። ከግዥው የተረፈውን ገንዘብ ደግሞ ለጋሾቻችንን በደብዳቤ አስፈቅደን ለሕፃናት ማቆያው ፍራሽ ገዝተንበታል። ደረሰኞቹ ፋይል ውስጥ ናቸው፤ ማየት የምትፈልጉ ሁሉ ኑና እዩ።

እናንተም ለግቢያችሁ ስትገዙ መጀመሪያ ሣራችሁን በሜትር ለኩ። ቀጥሎ ስለቱን የሚስልና መለዋወጫ የሚሸጥ በአካባቢያችሁ መኖሩን አረጋግጡ። ከሁሉ በፊት ግን የሚገፋውን ሰው ጠይቁ። እኛ ይህን የተማርነው ብዕራችንን ካነሣን በኋላ ነው፤ ደግነቱ ሳንፈርም ደረስንበት።