ለእንግዳ ወጣቶች ጠባቂዎች ደጀን ስለ ማቆም

በዘመቻ ጊዜ ፊት ለፊት የሚቆመውን ሰው ሁሉም ያየዋል። ከበስተ ኋላው ስንቅ የሚያቀብለውን፥ ቁስለኛ የሚያነሣውንና ደክሞ ሲመለስ የሚተካውን ደጀን ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። ደጀን የሌለው ጦር ምንም ጀግና ቢሆን ብዙ ቀን አይቆምም። ዛሬ የሚነገረው ግን ስለ ጦርነት ሳይሆን ስለ ሰላም ሥራ ነው፤ ይኸውም የልዩ ልዩ አገር ወጣቶች ከወላጆቻቸው ተለይተው፥ በባዕድ አገር በሰው ቤት እንደ ልጅ ሆነው፥ ለአንድ ዓመት ያህል የሚማሩበት የወጣቶች ልውውጥ ነው። ይህን ሥራ በየከተማው ከሚያካሂዱት ሰዎች አብዛኞቹ ደመወዝ አይከፈላቸውም፤ በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ናቸው። እንግዳው ወጣት የእነርሱ ጥበቃ እንደሚያስፈልገው ሁሉ፥ እነርሱም በበኩላቸው የሚጠብቃቸው ያስፈልጋቸዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ይህ የሰላም ሥራ ከጦርነት መወለዱ የሚያስደንቅ ነው። በ1915 ዓ.ም. ፒያት አንድሩ የሚባል አሜሪካዊ፥ ጦርነት በበረታበት በፈረንሳይ አገር ቁስለኛ የሚያመላልሱ መኪናዎችን የሚነዱ የአገሩን ወጣቶች ሰብስቦ አሜሪካን ፊልድ ሰርቪስ የተባለውን ማኅበር አቋቋመ። እነዚህ ወጣቶች ወታደሮች አልነበሩም፤ በፈቃዳቸው የመጡ ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማኅበሩ እንደ ገና ተነሥቶ በሰሜን አፍሪካ፥ በኢጣልያና በሌሎችም የጦር ግንባሮች ቁስለኛ ሲያነሣ ቆየ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ስቴፈን ጋላቲ የተባለው አለቃቸውና ባልንጀሮቹ፥ የሞተና የቆሰለ ከማንሣት ይልቅ ሰዎች አስቀድመው እንዲተዋወቁ ማድረግ ይሻላል ብለው አሰቡ። በ1947 ዓ.ም. ከ10 አገሮች የተውጣጡ 52 ተማሪዎች ወደ አሜሪካ መጥተው በቤተ ሰቦች ዘንድ ተቀመጡ። ዛሬ በብዙ አገሮች ቅርንጫፍ ያለው የልውውጥ ማኅበር ከዚህ ነው የጀመረው።

ከመኪና ነጂዎቹ ሕይወት አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። አንድ ነጂ ብቻውን ወደ ግንባር አይላክም ነበር፤ በክፍል በክፍል ተደራጅተው፥ መኪናውን የሚጠግንና ምግቡን የሚያበስል ሰው ከእነርሱ ጋር ነበረ። በዚያን ጊዜ ይህ ለማንም ግልጥ ነበር። በሰላም ጊዜ ግን ሥራው ቀላል ስለሚመስል፥ አንዲትን ደግ ሴት አግኝቶ ሁሉን በእርስዋ ላይ መጫን በብዙ ስፍራ የተለመደ ሆነ።

አብያተ ክርስቲያናትም በዚህ ሥራ ከፊተኞቹ መካከል ነበሩ። በ1949 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር የወንድሞች ቤተ ክርስቲያን የሚባለው ማኅበረ ምእመናን 50 የሚያህሉ የጀርመን ወጣቶችን አስመጥቶ በምእመናኑ ቤት አስቀመጠ። በ1951 ዓ.ም. ደግሞ በሚሺጋን ግዛት፥ በአብያተ ክርስቲያናት ኅብረት የምትሠራው ራሄል አንድረሰን 75 የጀርመን ወጣቶችን ተቀብላ ለየቤተ ሰቡ አከፋፈለች። ጦርነቱ ካበቃ ገና ስድስት ዓመት ነበር። ልጁን በጦር ሜዳ ያጣ ጎረቤት ባለበት መንደር የጠላት አገር የነበረውን ልጅ በማዕድ ማስቀመጥ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ መገመት አያስቸግርም። ሆኖም እነዚያ ተቀባዮች አንድ ጥቅም ነበራቸው፤ በየሳምንቱ እሑድ ከማኅበረ ምእመናን ጋር ስለሚገናኙ፥ ፊታቸው የጠቆረ እንደ ሆነ የሚጠይቃቸው ሰው አያጡም ነበር። የኋለኛው ዘመን ልውውጥ ሲሰፋ ግን እንዲህ ያለው የተፈጥሮ ደጀን በብዙ ስፍራ ቀረ፤ በእርሱም ፈንታ ወረቀት ገባ።

አሁን የአገልጋዩ ሥራ ምን እንደ ሆነ መናገር ያስፈልጋል። በልውውጡ ውስጥ ወጣቱ አለ፤ ተቀባዩ ቤተ ሰብ አለ፤ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ፥ ሁለቱንም የሚሰማ አማካሪም አለ። ይህ አማካሪ ቤተ ሰብ ይፈልጋል፥ ከትምህርት ቤቱ ጋር ይነጋገራል፥ ወጣቱን በየጊዜው ይጠይቃል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንቶች ሁሉም ነገር መልካም ነው፤ ወጣቱ በሚያየው ሁሉ ይደነቃል፥ ቤተ ሰቡም እንግዳውን ለዘመድ ያሳያል። ከዚያ በኋላ ቀኑ ሲያጥር፥ ብርዱ ሲመጣና የልደት በዓል ሲቃረብ ናፍቆት ይጀምራል። ወጣቱ በክፍሉ ተዘግቶ ከአገሩ ሰዎች ጋር በስልክ ብቻ ይነጋገራል። የቤቱ እመቤት ይህን እንደ ንቀት ትቆጥረዋለች፤ ወጣቱ ደግሞ ሳህኑን አላጠብህም መባሉን እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። ሁለቱም በየራሳቸው አገር ልማድ እውነተኞች ናቸው። አማካሪው በሌሊት ስልክ ይደወልለታል፤ ሁለቱን ወገን ሰምቶ፥ ተርጉሞና አስታርቆ ቢመለስ እንኳ ሁለቱም ወገን ለእነዚያ አደላ ብለው ያሙታል። ዕርቅ ያልሆነ እንደ ሆነ በጥቂት ቀን ውስጥ ሌላ ቤት መፈለግ አለበት። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ከመደበኛ ሥራው በኋላ ነው፤ የራሱም ልጆች እራት ይጠብቁታል።

ከድካሙ ሁሉ የሚከብደው ግን ምስጢሩ ነው። አማካሪው የሰማውን ለጎረቤት፥ ለባልንጀራ፥ አንዳንድ ጊዜም ለትዳር ጓደኛው ሊናገር አይገባውም። አንዲት የ16 ዓመት ልጅ እያለቀሰች የነገረችው ነገር፥ ወይም የአንድ የተከበረ ቤተ ሰብ ገበና፥ በልቡ ተዘግቶ ይቀመጣል። ድካም በእንቅልፍ ይወጣል፤ የተዘጋ ምስጢር ግን በእንቅልፍ አይወጣም። ይህን ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምሮ ታውቀዋለች። የሰውን ሁሉ ኀጢአት የሚሰማው የንስሐ አባት እርሱም ራሱ የንስሐ አባት አለው፤ ቄስ ነውና ብቻውን ይቻለው አልተባለም። በልውውጡም ሥራ እንዲሁ ለእያንዳንዱ አማካሪ፥ ምስጢሩን በሕግ ሊያካፍለው የሚችል አንድ የተሰየመ ሰው ያስፈልገዋል። ይህ ሰው የበላይ ተቆጣጣሪ ባይሆን ይመረጣል፤ ሰው የሚሾመውንና የሚሽረውን ሰው ፈርቶ እውነቱን ያሳንሳልና።

ይህ ነገር ለአገልጋዩ ምቾት ብቻ የሚነገር እንዳይመስል፥ በወጣቶቹ ላይ የደረሰውን ጉዳት መጥቀስ ይገባል። በ2009 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በፔንሲልቫኒያ ግዛት፥ በስክራንተን ከተማ፥ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ተማሪዎች ንጽሕና በጎደለው ቤትና በቂ ምግብ በሌለበት ተቀምጠው ተገኙ። ቤት የመረጠውና ተማሪዎቹን ሊጠይቅ የተገባው አንድ ሰው ነበር፤ ያ ሰው ሥራውን ሲያጓድል በቶሎ የሚያይ ሌላ ዓይን አልነበረም። ነገሩም ፍርድ ቤት ደረሰ። በሚቀጥለው ዓመት የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ልውውጥ ደንብ አጠበቀ። በደንቡ መሠረት የማኅበሩ ወኪል ተማሪውን በየወሩ ማነጋገር አለበት፤ ያው ሰው ተቀባይ ቤተ ሰብና ተቆጣጣሪ ሊሆን አይችልም፤ መኖሪያውም ተማሪው ካለበት ስፍራ ከ120 ማይል፥ ማለት ከ193 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ እንዳይርቅ ተወሰነ። በቤቱ የሚኖሩ አዋቂዎችም የወንጀል መዝገባቸው ይመረመራል።

ደንቡ ትክክለኛ ነው፤ ማንም ሊያላላው አይገባም። ነገር ግን ደንብ የሚጠይቀው የተጠየቀውን ወጣት ነው እንጂ የጠያቂውን ጤንነት አይደለም። አማካሪው በየወሩ ወጣቱን መጠየቁ በወረቀት ይመዘገባል፤ አማካሪውን ማን እንደ ጠየቀው የሚመዘገብበት ወረቀት የለም። ደግሞም 190 ኪሎ ሜትር በመኪና ሄዶ መመለስ አንድ ሙሉ ቀን ነው፤ የቤንዚኑ ዋጋ ካልተመለሰለት አገልጋዩ ጊዜውን ብቻ ሳይሆን የቤቱን ገንዘብ ይሰጣል ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ በጥቂት ዘመን ውስጥ አገልግሎቱ ባለጠጎች ብቻ የሚሠሩት ሥራ ይሆናል፤ ይህም የልውውጡን ዓላማ ያበላሸዋል።

እንግዲህ ደጀን እንዴት ይቆማል? ነገሩ ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ልማድ ይጠይቃል። አዲስ የመጣ ሰው ከነባሩ ጋር ሁለት ሆኖ ይጀምር፤ የመጀመሪያውን ከባድ ስልክ ብቻውን አይስማ። ሁለት መሆን የስክራንተኑን ዓይነት በደልም ይከላከላል፤ ለሚደክመው ረዳት የሆነው ሰው ለሚያጠፋው ምስክር ነውና። በአንድ ከተማ ወይም በአንድ አውራጃ ያሉት አማካሪዎች በወር አንድ ጊዜ ይገናኙ። ስብሰባው ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ ትእዛዝ የሚነበብበት ብቻ ከሆነ በሦስተኛው ወር የሚመጣ ሰው አይኖርም። ቡና ተፈልቶ፥ ስም ሳይጠራ፥ እያንዳንዱ ያጋጠመውን የሚናገርበትና ሌላው እንዲህ አድርጌ ነበር የሚልበት ከሆነ ግን ሰው ራሱ ይናፍቀዋል። የጽዋ ማኅበር ለዘመናት የጸናው በዚህ ነው፤ ድግሱ በአንድ ቤት ላይ አይወድቅም፥ በተራ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ የቀረም ሰው ለምን ቀረ ተብሎ ይጠየቃል።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ጠንካራውን ሰው መጫን ነው። ሦስት ወጣቶችን በሚገባ የያዘች ሴት በሚቀጥለው ዓመት ስድስት ይሰጣታል፤ ስድስቱን ብትችል የከተማዋ ሰብሳቢ ትደረጋለች። በአራተኛው ዓመት ደብዳቤ ጽፋ ትሰናበታለች፤ ከእርስዋም ጋር የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ወዳጅነት፥ የደጋግ ቤተ ሰቦች ስምና የአራት ዓመት ዕውቀት አብሮ ይሄዳል። ዋናው መሥሪያ ቤትም አገልጋይ ጠፋ ብሎ ያዝናል። አገልጋይ አልጠፋም፤ ተጨርሷል።

የአዲስ አገልጋይ ምንጭ የሚሆኑት ከማንም ይልቅ ዓመቱን ፈጽመው ወደ አገራቸው የተመለሱት ወጣቶች ናቸው። እነርሱ የናፍቆትን ነገር ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ ሰውነታቸው ተምረዋል። በኤውሮፓ የአሜሪካን ፊልድ ሰርቪስ ወንድም ማኅበሮች በ1971 ዓ.ም. አንድ ኅብረት አቁመው፥ የልዩ ልዩ አገር በጎ ፈቃደኞች እየተገናኙ እንዲማማሩ ሲያደርጉ ቆይተዋል። የኤውሮፓ ኅብረትም ለወጣቶች ባቆመው የበጎ ፈቃድ አገልግሎት፥ ሥራውን ከሚያዝዘው ሰው ሌላ የሆነ አማካሪ ለእያንዳንዱ ወጣት እንዲሰጥ ያዝዛል። አሠሪና መካሪ መለየታቸው ብልህነት ነው፤ የሚቀረው ለመካሪው መካሪ መስጠት ነው።

የደጀን ጥቅም የሚታወቀው በክፉ ቀን ነው። በማርች ወር 2020 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በተስፋፋ ጊዜ የልውውጥ ማኅበሮች በየአገሩ የተበተኑትን ወጣቶች ከዓመቱ አስቀድመው ወደየቤታቸው ለመመለስ ተገደዱ። ድንበር ይዘጋል፥ አውሮፕላን ይሰረዛል፥ ወላጆች ከሩቅ አገር ይደውላሉ፤ ወጣቱ ደግሞ ባልንጀሮቹን ሳይሰናበት ሻንጣውን ያስራል። በዚያ ሰዓት በየከተማው የነበሩት አገልጋዮች ናቸው ቤተ ሰቡን ያጽናኑትና ወጣቱን እስከ አውሮፕላን ጣቢያ የሸኙት። ከዚያም በኋላ ልውውጡ ለብዙ ጊዜ ቆመ፤ አገልጋዮቹም የሚያደርጉት ሥራ ሳይኖራቸው በየቤታቸው ቀሩ። ማኅበር ማለት ሥራ ሲኖር ብቻ መደወል እንዳልሆነ ያ ጊዜ አሳየ፤ የሚጠብቀው ወጣት ሳይኖረው እንዴት ነህ ተብሎ የተደወለለት ሰው፥ ሥራው ሲከፈት ለመመለስ የሚቀለው እርሱ ነውና።

በመጨረሻም ስለ መሰናበት ጥቂት ቃል ይጨመር። አገልጋይ የሆነ ሰው ሁሉ የሚያርፍበት ጊዜ አስቀድሞ ይታወቅ፤ ሦስት ዓመት ያገለገለ አንድ ዓመት ይረፍ። ሲሄድም የቤተ ሰቦቹን ዝርዝር፥ የትምህርት ቤቶቹን ኀላፊዎች ስምና ያልተፈጸመውን ጉዳይ በጽሑፍ ለተተኪው ያስረክብ፤ ምስጢር የሆነውን ግን ከተሰየመው ሰው በቀር ለማንም አይጻፍ። ተሰናባቹ በሌሎቹ ፊት ይመስገን፤ ከዚያም በኋላ እስከ ስድስት ወር ድረስ፥ ለሰላምታ ካልሆነ በቀር፥ ማንም ስለ ሥራ ስልክ አይደውልለት።