ልጆቻችንን በኢንተርኔት ስለ መሰብሰብ
(የእድሩ የልጆች ክበብ አስተባባሪዎች በዓመታዊው ጠቅላላ ጉባዔ ላይ ያሰሙት ንግግር)



እንደምታውቁት የእድራችን የልጆች ክበብ ይሰበሰብ የነበረው እዚሁ አዳራሻችን ውስጥ ነበር። ነገር ግን ሰፈራችን እንደ ድሮው አይደለም። ከፊሉ አባል ኮንዶሚኒየም ደርሶት የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ ገብቷል፤ ከፊሉም ቤቱ ለልማት ሲፈርስ ወደ ከተማው ዳር ሄዷል። ይሁን እንጂ እድሩን አልተወም፤ መዋጮውን ይከፍላል፣ ለቅሶ ሲነገረው ሁለት ታክሲ ቀይሮም ቢሆን ይደርሳል። ልጁስ? የአሥር ዓመት ልጅ ለአንድ ሰዓት ስብሰባ ብሎ ብቻውን ከአራብሳ ተነስቶ ሊመጣ አይችልም። ልጆቹ እየተረሳሱ ካደጉ ደግሞ ነገ እኛ ስንደክም ድንኳኑን ማን ይተክላል? በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በኢንተርኔት እንድንሰበስባቸው ያደረገን ይኸው ጥያቄ ነው። ዛሬም የምንነግራችሁ ሥራው እንዴት እንደሚሠራና ከእናንተ ምን እንደሚፈልግ ነው።

ልጆች በየቤታቸው ሆነው መሰብሰባቸው ለአንዳንዶቻችን እንግዳ ነገር ይመስል ይሆናል። ግን ነገሩ አዲስ አይደለም። የዓለም ስካውቶች ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ በአማተር ሬዲዮ ከአገር አገር እየተጠራሩ ይነጋገራሉ፤ በኋላም ኢንተርኔትን ጨምረውበታል። በእኛም አገር የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገኝቶ ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን፣ ብዙ ልጆች ትምህርታቸውን በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ተከታትለዋል። እንግዲህ መሣሪያው አለ። ነገር ግን መሣሪያ ብቻውን ልጅ አይሰበስብም፤ ሥርዓት ያስፈልገዋል።

አንደኛ፣ ስለ ሰዓቱ። የምንጠቀመው ዙም የተባለውን ነው። ያለ ክፍያ ሲሆን ከ40 ደቂቃ በላይ አያስኬድም። ይህን እንደ ችግር የሚያዩት አሉ፤ እኛ ግን ጠቅሞናል እንላለን። ትንሽ ልጅ ስክሪን ላይ አፍጥጦ ከዚያ በላይ ቢቀመጥ ልቡ ሌላ ቦታ ነው። ስለዚህ 5 ደቂቃ ለሰላምታና ለስም ጥሪ፣ 10 ደቂቃ ለጨዋታ፣ 15 ደቂቃ ለሥራ፣ ቀሪውን 10 ደቂቃ ለልጆቹ ለራሳቸው ወሬ መድበናል። የመጨረሻዋን 10 ደቂቃ አንነካባቸውም። ትልቅ ሰው ንግግር ካበዛ ልጅ ስልኩን አስቀምጦ ኳሱን ይዞ ይወጣል።

በጨዋታ በኩል ከእንቆቅልሽ የተሻለ አላገኘንም። አንዱ «እንቆቅልሽ» ሲል ሁሉም ማይክራፎኑን ከፍቶ «ምን አውቅልህ» ይላል፤ መልሱ የጠፋው አገር ይሰጣል። ዕቃ አይጠይቅም፤ ድምፁ ብቻ የሚሰማ ልጅም እኩል ይጫወታል። ለሥራው ደግሞ እጅና እግርን የሚያንቀሳቅስ ነገር እንመርጣለን። ለምሳሌ አያቱን ጠይቆ ስለ ድሮው ሰፈር አንድ ወሬ ይዞ መምጣት፣ ወይም የሰፈሩን ካርታ በትዝታ መሣል። ልጆቹ በሣሉት ካርታ ላይ የፈረሱት ቤቶች በሙሉ ቆመው አይተናል።

ሁለተኛ፣ ስለ በሩ። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር፣ ዙም በዓለም ዙሪያ በተስፋፋበት ሰሞን፣ የማይታወቁ ሰዎች በልጆች ትምህርት መካከል እየገቡ ይሳደቡ ስለ ነበር የአሜሪካው የምርመራ ቢሮ ኤፍ ቢ አይ ማስጠንቀቂያ እስከ ማውጣት ደርሷል። ስለሆነም እኛ ሊንኩን በትልቁ የቴሌግራም ግሩፕ አንለጥፍም፤ በየወላጁ ስልክ ለየብቻ እንልካለን። የሚመጣው ሁሉ ውጭ ባለው መጠበቂያ ቆይቶ፣ በስሙ ታውቆ ነው የሚገባው። ሁልጊዜ ሁለት አዋቂዎች ይኖራሉ፤ አንዱ ይመራል፣ ሌላው በሩን ይጠብቃል። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻው መነጋገር ወይም መጻጻፍ ፈጽሞ አይፈቀድም፤ ይህ ደንብ እኛንም ይመለከታል። ስብሰባው አይቀረጽም፤ የልጆቹም ፎቶ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ አይወጣም። ወላጅም ልጁን በር አዘግቶ ሳይሆን ድምፁ በሚሰማበት ቦታ ያስቀምጠው።

ሦስተኛና ከሁሉ የሚከብደው የአቅም ጉዳይ ነው። ምስል ሲከፈት የሚበላው ዳታ፣ ድምፅ ብቻ ሲሆን ከሚበላው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ካሜራ የሚከፈተው ለሰላምታ ያህል ነው፤ ከዚያ ይዘጋል። ለሰላምታም ቢሆን አናስገድድም። በአንድ ክፍል ቤት የሚኖር ልጅ ከኋላው የታጠፈው ፍራሽ እንዲታይበት ላይፈልግ ይችላል። ስለ ቤቱ አፍሮ ከሚቀር ልጅ ይልቅ ፊቱ የማይታይ ልጅ ይሻለናል። መብራት ወይም ኔትወርክ ጠፍቶበት የወጣ ልጅም ሲመለስ «የት ነበርክ?» አይባልም፤ ዝም ብሎ ይገባል። ስልክ የሌለበት ቤት ልጅ ደግሞ ጎረቤት ሄዶ በአንድ ስልክ ሁለት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። እውነቱን ለመናገር፣ በጣም የሚሳቀው ከእነዚህ ዘንድ ነው።

አራተኛ፣ ስለ ቀሪው። እድራችን መዝገብ እንዳለው ክበቡም መዝገብ አለው። ልዩነቱ በእኛ ዘንድ ቅጣት የለም፤ የቀረ ልጅ ቤት በዚያው ቀን ይደወላል። ባለፈው ዓመት አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሲቀር ደወልን። እናቱም «አባቱ ካረፉ ወዲህ ከማንም ጋር ማውራት አልፈልግም ብሏል» አሉን። ለእናቲቱ ብዙ አጽናኝ ነበራቸው፤ የልጁ እኩዮች ግን ገና አልሄዱም ነበር። ነገሩን ለልጆቹ ስንነግራቸው በስልክ እናጽናናው አላሉም፤ «ቤታቸው የት ነው?» ነው ያሉት። እሑድ ዕለት ዘጠኝ ሆነው ከወላጆቻቸው ጋር ሄዱ። ብዙም አላወሩ፤ አጠገቡ ተቀመጡ፣ ቆይተውም ግቢው ውስጥ ኳስ ተጫወቱ። በሚቀጥለው ስብሰባ ስሙ ሲጠራ «አቤት» አለ።

እንግዲህ ኢንተርኔቱ ጥሩምባ ነው እንጂ ድንኳን አይደለም። ይጠራል፣ ያሳስባል፤ ሰውን ከሰው ጎን የሚያስቀምጠው ግን እግር ነው። በዚህም ምክንያት በየሦስት ወሩ አንድ ጊዜ ልጆቹ በአካል እዚህ አዳራሽ እንዲገናኙ እናደርጋለን።

አንዳንድ አባቶቻችን «የእድር ገንዘብ ለቀብር ነው፤ ለስልክ ካርድ አይደለም» ብለውናል። ልክ ናቸው፤ ደንባችንም የሚለው ይህንኑ ነው። እኛም ከእድሩ ካዝና አንዲት ሳንቲም አልጠየቅንም። የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ አቅም ያለው አባል በፈቃዱ ለአንድ ልጅ የዳታ ካርድ እንዲሞላ፤ ጥሩ ስልክ ያለው ቤት ቅዳሜ ለ40 ደቂቃ በሩን ለጎረቤት ልጆች እንዲከፍት፤ በሩን ተራ በተራ የሚጠብቁ፣ ሁላችሁም የምታውቋቸውና የምታምኗቸው ስድስት አባላት ዛሬ ከዚህ ጉባዔ እንዲመረጡልን።

እኛን የሚቀብሩን እነዚህ ልጆች ናቸው። ያን ቀን አንዱ ሌላውን «አንተ ደግሞ የማን ልጅ ነህ?» ብሎ የሚጠይቅ እንዳይሆን ከዛሬው እናስተዋውቃቸው።