የመብራት ቢልን ከአሮጌ ወረቀት በተሠራ ወረቀት ላይ ስለ ማተም



አንድ ሚሊዮን ደንበኞች ላሉት የመብራት አገልግሎት በየወሩ አንዳንድ ቅጠል ቢል ቢታተም ምን ያህል ወረቀት ይፈጃል? በካሬ ሜትር 80 ግራም የሚመዝን የኤ4 ቅጠል ክብደቱ 5 ግራም ነው፤ ይህም በወር 5 ቶን፣ በዓመት 60 ቶን ይሆናል። ይህን ሁሉ ከአሮጌ ወረቀት ማግኘት ከተቻለ፣ የሚድነው እንጨት ቀላል አይደለም።

ይሁን እንጂ ለውጡ በግዥ ትእዛዝ ብቻ አይፈጸምም። ቀደም ሲል በሠራሁበት አንድ የማተሚያ ክፍል ሙከራውን የጀመርነው በክረምት ነበር። በሁለተኛው ቀን ወረቀቱ እየተጠቀለለ ማሽኑን ይዘጋ፣ ቁጥሮቹም ይደበዝዙ ጀመር። ሁላችንም ወረቀቱን ወቀስን፤ እኔም ከወቃሾቹ አንዱ ነበርሁ። ኋላ ሲመረመር ግን እሽጉ ተከፍቶ በሲሚንቶ ወለል ላይ በማደሩ ርጥበት ጠጥቶ ተገኘ። ርጥብ ወረቀት ደግሞ፣ አዲስም ሆነ አሮጌ፣ ቶነሩን በሙቀት በሚያጣብቀው ክፍል ሲያልፍ ይጠመዘዛል።

በርግጥ የወረቀት ቃጫ በታደሰ ቁጥር ስለሚያጥር ብናኙ ሊበዛ ይችላል፤ ስለዚህ ሮለሮቹ ቶሎ ቶሎ መጽዳት አለባቸው። እሽጉም ሳይከፈት በማሽኑ ክፍል ቢያንስ አንድ ቀን ይቈይ። ሙከራው በአንድ ቀበሌ ተጀምሮ፣ እያንዳንዱ ቁጥር መነበቡ ይረጋገጥ።

አንዲት ቁጥር በመደብዘዟ ያለ ዕዳዋ መብራቷ የሚቋረጥባት እናት፣ ስለ ዳነው ዛፍ ብንነግራት አትሰማንም፤ እውነትም አላት።