አልፈታ ስላለ ካንዴላ
(በወለቃ ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተነገረ)



በሞተር ብስክሌት ውስጥ ለነዳጁ እሳት የሚጭረው ካንዴላ ከብረት የተሠራ ነው፤ የገባበት የሞተሩ ራስ፥ ማለት ቴስታታው፥ ግን አልሙኒየም ነው። ዝገትና ጥላሸት ሁለቱን ያጣብቃቸዋል። በጉልበት የጠመዘዘው ሰው የቴስታታውን ጥርስ ያስበላል፤ ዘርና መድኃኒት የሚያመላልሰው ሞተርም በእርሻ ወራት ይቆማል።

በዚህ በወለቃ የነበሩት የቤተ እስራኤል ቀጥቃጮች፥ እስከ 1983 ዓ.ም. በብዛት ወደ እስራኤል ከመሄዳቸው በፊት፥ ለገበሬው ማረሻ ይሠሩ ነበር። ብረቱን በከሰል ሳያግሉ መዶሻ አያነሡበትም። እኛም በሙቀት እንሠራለን፤ ነገር ግን ቤንዚን ካለበት እሳት አይቀርብምና በሙቅ ውሃ ይሁን።

1ኛ/ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የካንዴላውን ሽቦ ንቀሉ፤ ዙሪያውን በደንብ ጥረጉ። አሸዋ ከገባ ሲሊንደሩን ይፍቃል።

2ኛ/ በካንዴላው ሥር ጥቂት ናፍጣ አንጠብጥቡና አሳድሩት።

3ኛ/ በማግስቱ በፈላ ውሃ ነክራችሁ የጨመቃችሁትን ጨርቅ በቴስታታው ላይ አድርጉ። አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ስለሚሰፋ መያዣው ይላላል።

4ኛ/ ልኩ በሆነ የካንዴላ ቁልፍ ወደ ግራ ጥቂት ፍቱ። ሲከብድ ወደ ቀኝ መልሱት፤ ናፍጣ ጨምራችሁ ደግማችሁ ፍቱ።

አዲሱን ስትገጥሙ መጀመሪያ በጣት አዙሩ፤ በቁልፍ የምታጠብቁት መጨረሻ ላይ ብቻ ነው።

በዚህ ሁሉ እንቢ ካለ ተዉትና ለመካኒክ አሳዩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የተበላ ጥርስ ግን ተለቅሞ አይመለስም።