የእናት እጅና የቤት ቀለብ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ረኃብ መናገራችንን እንደ ድፍረት እንዳትቆጥሩብን አስቀድመን እንለምናለን። የምንናገረውም ዝናም ስለ ራቀው አገር ሳይሆን ስንዴና ገብስ ስለሚታፈስበት ስለ አርሲ ደጋ ነው።

ከጭላሎ ተራራ ሥር የሚኖር ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ጎተራው ይሞላል። ሐምሌና ነሐሴ ሲገባ ግን በአንዳንድ ቤት እናት ድስቷን ጥዳ ዱቄት ከጎረቤት ትበደራለች። ይህ ስለ ምን ይሆናል? እህሉ የሚሸጠው ዋጋው በረከሰበት በመኸር ወራት፣ የሚሸመተው ደግሞ በተወደደበት በክረምት ስለ ሆነ ነው። የማዳበሪያ ዕዳ አባትን እንደሚያስጨንቀው አንክድም። ሆኖም ስንት ኩንታል ይሸጥ፣ ስንትስ ለቀለብ ይቅር ተብሎ ሲቆረጥ፣ ለዓመት የሚበቃውን በቁና ሰፍራ የምታውቀው እናት ብዙ ጊዜ አትጠየቅም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት የቤቱን ቀለብ አብሮ ጨረሰው።

ከመካከላችን ያንዲቱን እኅታችንን ነገር በፈቃዷ እንንገራችሁ። አባቷ በታኅሣሥ ስንዴውን ሸጦ ፈረስ ገዛ። ፈረሱም ያማረ ነበር። በነሐሴ ግን ቤቱ ባዶ ሆነ፤ በመስከረምም የደብተር መግዣ ታጣ። እናቷ ከአንዲት ላም ያጠራቀመችውን ቅቤ አሰላ ገበያ አውርዳ ሸጠች፤ በዚያው ገንዘብ ገብስ ሸመተች፣ ደብተርም ገዛች። ያች ልጅ ዘንድሮ ከእኛ ጋር ትጨርሳለች። አባቷ ክፉ ሰው አይደለም፤ ጥፋቱ ሳያማክር መቁረጡ ነው።

በዚህች ከተማ በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በስዊድን መንግሥት እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ካዱ የሚባለው፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አስፋፋ። ምርትም በዛ። ነገር ግን ባለመሬቶች ትራክተር ሲያስገቡ ብዙ ጭሰኞች ከመሬታቸው ተነቀሉ። ከዚህ የምንማረው፣ የእህል መብዛት ብቻውን ሁሉን እንደማያጠግብና በመሬቱና በምርቱ የሚያዘው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ እንደሚገባ ነው። ይህ ጥያቄ ለአገር ከሆነ ለቤትም ነው።

የሴት መብት ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። የአርሲ ኦሮሞ ሙሽራ ስትዳር ከእናቷ የሲንቄ በትር ትቀበላለች፤ ሴት ስትበደል ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ በዳዩም ይክሳል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በመሬትና በንብረት ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅም የባልና ሚስት የጋራ ይዞታ ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዘዘ። ደብተሩ ላይ ስሟ ያለ እናት ጎተራው ሲከፈት ድምፅዋ ካልተሰማ ግን ሕጉ ከሣጥን አልወጣም ማለት ነው።

ስለዚህ አባቶቻችን ሆይ፤ ጆንያው ከቤት ሳይወጣ ከእናቶቻችን ጋር ተቀምጣችሁ እስከ መስከረም ያለውን ቀለብ እንድትቆጥሩ እንለምናችኋለን። እኛም ነገ ባልና ሚስት ስንሆን ይህንኑ ለማድረግ በፊታችሁ ቃል እንገባለን።