ሰባት ቤት እንቁጠርላቸው
ለአሽዶድ አረጋውያን የተደረገ ንግግር



በአገራችን ልጅ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራ ነበር። እዚህ ስንመዘገብ ግን የብዙዎቻችን የአያት ስም የሚሽፓሃ ስም ሆነ፤ አንዳንድ ወንድማማቾች እንኳ የተለያየ ስም ያዙ። ስለዚህ የልጅ ልጆቻችን በመታወቂያ ብቻ ዘመዳቸውን አይለዩም። በእኛ ደንብ ደግሞ እስከ ሰባት ቤት ጋብቻ የለም። ወጣቶች ከተዋደዱ በኋላ «ዘመድ ናችሁ» ማለት ለሁሉም ከባድ ነው።

ቆጠራውን ከጋን ዕድሜ እንጀምር። ለሕፃን ሰባት ቤት ይበዛበታል፤ መጀመሪያ «የእናትህ እናት እኔ ነኝ» በሉት። ፎቶ እያሳያችሁ አጎቱንና አክስቱን በእናት ወይ በአባት ወገን መሆናቸውን ንገሩት። ከፍ ሲል ቅድመ አያትን፣ ምንጅላትን ጨምሩ። በሱዳን መንገድ የቀሩትንም አትዝለሉ፤ ከቆጠራው አይወጡም። ወላጆቹ በዕብራይስጥ ይጻፉት፤ ቃሉ ግን ከእናንተ ይውጣ።