ደኑን ለልጆቻችን መማሪያ ለማድረግ ማን ከማን ይመካከር?

 

የዛሬው ንግግራችን በቀበሌያችን ያለውን ደን፣ ምንጭና ቦረቦር ለትምህርት ቤት ልጆች የተፈጥሮ መማሪያ ስለ ማድረግ ነው። መማሪያ ሲባል አዲስ ቤት መሥራት ማለት አይደለም። ቤቱ ቢቀር፣ አንድ የእግር መንገድና በመንገዱ ላይ አምስት ወይም ስድስት ማረፊያ ይበቃል። የማይቀር ነገር ግን አለ። እርሱም የሰዎች ስምምነት ነው።

በመጀመሪያ፣ ነገሩ ለምን አስፈለገ? ልጆቻችን ዝግባና ኮሶ የሚሉትን ስሞች በመጽሐፍ ያነባሉ። ዛፉን አሳዩን ሲባሉ ግን ብዙዎቹ የሚያውቁት ባሕር ዛፍን ነው። ይህን መለየት የሚችሉት አያቶቻቸው ናቸው። አያቶች ሳይናገሩ ካለፉ፣ ዛፉ ቢኖርም ስሙና ጥቅሙ ይጠፋል። የአገር እውቀት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ነውና፣ ያ ትዝብት በዓለም የታወቀ ምርምር ሆነ። እንግዲህ መነሻው የአጣቢዎቹ እንዶድ አልነበረምን?

በኅብረት መሥራት ምን እንደሚያስገኝ ለማየት ወደ ደቡብ ጎንደር እንሂድ። በዚያ አገር በእርሻ መካከል ክብ ሆኖ የቆመ ደን ከሩቅ ከታየ፣ አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ ቤተ ክርስቲያን አለ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ 28 እንዲህ ያሉ ደኖችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2007 የዶክትሬት ጥናታቸውን አቅርበዋል። ከብት በሚገባበት ደን ውስጥ ችግኝ እየተረገጠና እየተበላ ሽማግሌ ዛፎች ያለ ተተኪ ይቀራሉ። ስለዚህ ምእመናኑ ከአካባቢው እርሻ ድንጋይ እየለቀሙ በበርካታ ደኖች ዙሪያ ካብ ካቡ። አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማንም ገንዘብ በማሰባሰብ ረዱ። እርሻው ከድንጋይ ጸዳ፤ ደኑም ከከብት ተጠበቀ። በከተማም ቢሆን በአዲስ አበባ 705 ሄክታር የሚሸፍነው የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት ነው።

እንግዲህ በእኛ ቀበሌ እንዴት እንጀምር?

አንደኛ፣ ባለጉዳዮችን ሁሉ መጥራት ነው። ርእሰ መምህሩ፣ የወላጆች ተወካዮች፣ የቀበሌው አስተዳደር፣ የግብርና ባለሙያው፣ የእድር ዳኞች ይጠሩ። ደኑ የደብር ከሆነ አስተዳዳሪው ሳይፈቅዱ ምንም አይጀመር። የሙስሊም ልጆችም አብረው ስለሚማሩ መንገዱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቢሆን ለሁሉም ይመቻል። ከሁሉ በላይ የማይረሱት በቦታው ከብት የሚያግዱና እንጨት የሚለቅሙ ሰዎች ናቸው። እነርሱ ሳይጠየቁ የታጠረ አጥር ሌሊት ይፈርሳል። ስለዚህ ግጦሽ ለሚቀርበት ሰው ሣሩን አጭዶ የመውሰድ ቅድሚያ ይሰጠው። ልጆች ይማሩ ተብሎ የድሃ ላም መራብ የለባትም።

ሁለተኛ፣ መንገዱን ከሽማግሌዎች ጋር በእግር መዞር ነው። በእያንዳንዱ ማረፊያ አንድ ጥያቄ ብቻ ይመረጥ። በብሳናው ሥር፣ «የረገፈው ቅጠል ወዴት ሄደ?» ይባል። በቦረቦሩ አፋፍ ደግሞ ሁለት ጣሳ ይቅረብ። በአንዱ ባዶ አፈር፣ በሌላው ሣር የበቀለበት አፈር ይደረግ። ከጣሳዎቹ ጎን በኩል ቀዳዳ ይበጅና እኩል ውኃ ይፍሰስባቸው። የትኛው ደፍርሶ እንደ ወጣ ልጆቹ ራሳቸው ይናገሩ። ያን ጊዜ በክረምት ዓባይ ለምን እንደሚደፈርስ መምህሩ ብዙ መድከም አያስፈልጋቸውም።

ሦስተኛ፣ የጊዜ ሰሌዳ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሥራ ይበላሻል። ችግኝ የሚተከለው በሐምሌ ነው፤ በሐምሌ ደግሞ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ልጆቹ በበጋው ዘር ዘርተው ችግኝ ያሳድጉ። በክረምት ከወላጆቻቸው ጋር ይትከሉ። በመስከረም ሲመለሱ ስንቱ እንደ ጸደቀ ቆጥረው ይመዝግቡ። ከጥር እስከ ሚያዝያ ማን ውኃ እንደሚያጠጣም በስም ይጻፍ። «ሁላችንም እናጠጣለን» ማለት ማንም አያጠጣም ማለት ነው።

አራተኛ፣ ደኅንነት ነው። ስድሳ ልጅ ባንድ ጊዜ ወደ ደን አይነዳም። አሥር አሥር ሆነው፣ ለየቡድኑ አንድ ትልቅ ሰው ይመደብ። የሚጠጣ ውኃና መጸዳጃ ቦታ አስቀድሞ ይዘጋጅ።

አሁን ወደ እናንተ፣ ወደ አዲስ አንባብያን እንምጣ። ይህ ሁሉ ስምምነት በቃለ ጉባኤ መስፈር አለበት። ደኑ የማን ነው? ሣሩን ማን ያጭዳል? በሩን ማን ይከፍታል? ማን ስንት ቀን ይሠራል? ተጽፎ ሲያልቅ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበብ። ትናንት ሌላው የጻፈውን ሳናውቅ በጣታችን እንፈርም ነበር። ዛሬ ግን ራሳችሁ አንብባችሁ፣ ያልተስማማችሁበትን አስለውጣችሁ፣ ስማችሁን በእጃችሁ ጽፋችሁ ትፈርማላችሁ። አንድ ቅጂ በትምህርት ቤቱ፣ አንዱ በቀበሌው፣ አንዱም በገበሬዎቹ እጅ ይቀመጥ።

ሌላም ሥራ አላችሁ። በየዛፉ ሥር የሚቆመውን የስም ሰሌዳ የምትጽፉት እናንተ ብትሆኑ ምን ይመስላችኋል? ሽማግሌው ስሙን ይነግራሉ፤ እናንተ ትጽፋላችሁ፤ ልጃችሁ ያነባል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው እንዲህ ያለው ሥራ ነው።

ከንግግሩ በኋላ በየቡድናችሁ በእነዚህ ጥያቄዎች ተወያዩ።

1. በቀበሌያችን ለልጆች መማሪያ የሚሆን ቦታ የትኛው ነው?

2. ያ ቦታ ቢከለል የሚጎዳው ማን ነው? በምንስ ይካሳል?

3. የአምስት አገር በቀል ዛፎችን ስምና ጥቅም ጻፉ። የማታውቁትን ወደ ቤት ሄዳችሁ አያቶቻችሁን ጠይቁ።

በሚቀጥለው ንግግራችን እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።